ጫማ ከሰቀላችሁ በኋላ

ለስፖርተኛ ልጆቼ፣

በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሻየር ውስጥ፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚጋፉበትን የራግቢ ሊግ ጨዋታ ተጫዋቾች ጉልበትና ትከሻ ሳክም ኖሬ ጡረታ የወጣሁ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ስለ ውልና ስለ ዋንጫ የሚመክራችሁ ስለማይጠፋ፣ እኔ የምጽፍላችሁ ጫማ ከሰቀላችሁ በኋላ ስለሚመጣው ዘመን ነው።

ይህ ጨዋታ ራሱ የተወለደው ከእንጀራ ጥያቄ ነው። የሰሜኑ ተጫዋቾች አብዛኞቹ የማዕድንና የፋብሪካ ሠራተኞች ስለነበሩ ለጨዋታ ሲሄዱ የቀን ደመወዛቸው ይቀርባቸው ነበር፤ የአገሪቱ የራግቢ ማኅበር ማካካሻ አይከፈልም ስላለ፣ እ.ኤ.አ. በ1895 ክለቦቻቸው ሃደርስፊልድ በሚገኘው ጆርጅ ሆቴል ተሰብስበው ተገነጠሉ። እነዚያ ሰዎች ጉድጓድም ቢሆን ሰኞ የሚመለሱበት ሥራ ነበራቸው። የዛሬው ተጫዋች ግን ገና በልጅነቱ ይፈርምና ሌላ ሙያ ሳይዝ በ30ዎቹ ዕድሜው ውስጥ ከሜዳ ይወጣል።

አንድ ልጅ ትከሻው ወልቆ መጣልኝ። ቢያንስ 6 ሳምንት ማረፍ እንዳለበት ባውቅም፣ አሰልጣኙ ለሳምንቱ ጨዋታ ፈለገው፣ ልጁም ውሉ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበርና ለመነኝ፤ ትከሻውን በፕላስተር ጠቅልዬ ላክሁት። ከዓመታት በኋላ ገበያ ውስጥ ሳገኘው ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ እንድታወርድለት ሚስቱን እየጠራ ነበር። እኔን የጨበጠኝ በግራ እጁ ነው። ያን ፕላስተር ያጠበቅሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ባለሙያ «እረፍ» ሲላችሁ እረፉ፣ እንደ እኔ የሚለሰልስ ከገጠማችሁም ሌላ ባለሙያ ጠይቁ።

ሰውነትን መጠበቅ ግን ሁሉን አይመልስም። የሊድስ ከተማ ክለብ ተጫዋቹ ሮብ ባሮ ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 ብቻ ሆኖ፣ ከግዙፎቹ ክንድ ሥር ሹልክ እያለ ለክለቡ 492 ጊዜ ተሰለፈ፤ 8 ጊዜም የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2017 ተጫዋችነቱን አቁሞ ወጣቶችን ማሠልጠን በጀመረ በሁለት ዓመቱ፣ ጡንቻን የሚያዝዙትን ነርቮች የሚያጠፋ፣ መድኃኒት ያልተገኘለት ሕመም ተገኘበት። ከጊዜ በኋላ ንግግር ከድቶት የሚያወራው በዓይኑ በሚታዘዝ ኮምፒውተር ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 በ41 ዓመቱ አረፈ።

የቀድሞ አምበሉ ኬቨን ሲንፊልድ ባሮ ይለብሰው የነበረውን 7 ቁጥር አስቦ እ.ኤ.አ. በ2020 በ7 ቀን 7 ማራቶን ሮጠ፤ ለዚሁ ሕመም ሕሙማን መርጃም ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ። እንዲህ ያለ ወዳጅ የሚገኘው ተጫዋች ሳላችሁ ነው። ልምምድ እንዳለቀ ስልካችሁ ላይ አታቀርቅሩ፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ የሰነበተውን ልጅ አጠገቡ ተቀምጣችሁ አጫውቱት።

እ.ኤ.አ. በ2023 በባሮ ስም በተሰየመው የሊድስ ማራቶን ሲንፊልድ ወዳጁን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ሙሉውን ርቀት ሮጠ። ከመጨረሻው መስመር ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ቆመ፤ ጎንበስ ብሎ አነሣውና ታቅፎት ተሻገረ።