ሦስቱም አንድ መደበቂያ ሥር ሲታጨቁ

ጥያቄ፦ የሦስት ወር ዕድሜ ያላቸው ሦስት ጋርተር የተባሉ የሰሜን አሜሪካ እባቦችን በአንድ የመስታወት ሳጥን አኖራለሁ። ሁለት መደበቂያ ባስቀምጥላቸውም ሦስቱም በአንደኛው ሥር ተደራርበው ይውላሉ። ትንሿ ደግሞ በዕድገት ወደ ኋላ ቀርታለች። ልለያያቸው?

መልስ፦ አብረው ማኖርዎ ስሕተት አይደለም። ጋርተር ከብዙ የእባብ ዓይነቶች በተለየ ከመሰሎቹ ጋር መሆንን ይችላል፤ በካናዳ ማኒቶባ፣ ናርሲስ በተባለው ስፍራ በኖራ ድንጋይ ዋሻዎች ውስጥ በአሥር ሺዎች ሆነው ይከርማሉ። መደራረባቸውን ግን በፍቅር አይተርጉሙት። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የሚመቸው መደበቂያ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ሁለተኛው በቀዝቃዛው ጫፍ ያለ ወይም እንደ አዳራሽ የሰፋ ከሆነ፣ ለእነሱ እንደሌለ ይቆጠራል።

ስለዚህ የመደበቂያውን ብዛት በእባቦቹ ቁጥር ላይ አንድ ጨምረው አራት ያድርጉት፤ ሁለቱ በሞቃቱ፣ ሁለቱ በቀዝቃዛው ወገን፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። የሞቃቱ ወገን ወለል ከ28 እስከ 30፣ የቀዝቃዛው ከ21 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። የሚለካው በመደበቂያው ሥር እንጂ በግድግዳው ላይ አይደለም፤ ማሞቂያውም ያለ ቴርሞስታት (ሙቀቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ) አይሰካ። እባቡ ተጠቅልሎ ሲተኛ ጎኑና ጀርባው ግድግዳና ጣሪያውን መንካት አለበት። በዚህ ዕድሜ የሶፍት ጥቅል መሐል የሚገኘው የካርቶን ቱቦ ውድ ከሆነው ጌጠኛ ዋሻ ይሻላል፤ ሲቆሽሽ ይጣላል። ቀዳዳ ያለው ዕቃ ከመረጡ፣ ቀዳዳው የበላ እባብ ሆድ ሳይነካው የሚያልፍበት ይሁን። በባዶ ሆዱ የገባ በልቶ ሲወጣ ይቀረቀራል። ድንጋይ ካስገቡ ደግሞ ከጉዝጓዙ በፊት ባዶው ወለል ላይ ያስቀምጡት፤ አለዚያ በሥሩ ሲቆፍሩ ይጫናቸዋል።

ከእነዚህ ሌላ አንድ እርጥብ መደበቂያ ያስፈልጋል። ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ጎኑን በስተው ጠርዙን ያለስልሱ፤ ውስጡን ውኃው መንጠብጠቡን እስኪያቆም በእጅ በተጨመቀ ሞስ (እርጥበት የሚይዝ ለስላሳ ተክል) ይሙሉት። ዓይናቸው ሲደበዝዝ፣ ቆዳ ሊቀይሩ ሲሉ፣ ራሳቸው ይገቡበታል። የቀረው ቤት ግን ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ የሚውል እባብ ሆዱ ላይ ውኃ ይቋጥራል።

የትንሿ ጉዳይ ከመደበቂያው ይልቅ የምግብ ሳይሆን አይቀርም። በጋራ ሲመገቡ ፈጣኑ ይቀማል፤ ከዚያም የከፋ አለ። ሁለት እባቦች አንዱን የምድር ትል በሁለት ጫፍ ይዘው ሲውጡ አፍ ለአፍ ይገናኙና ትልቁ የትንሹን ራስ መዋጥ ይጀምራል። እንዲህ ሲሆን ካዩ አይጎትቱ፤ በመካከላቸው ያለውን ትል በመቀስ ይቁረጡት። መፍትሔው እያንዳንዱን አየር በሚያስገባ የተለየ ዕቃ መመገብ ነው። ሲጨርሱ አፋቸው ላይ የቀረውን ሽታ በለብታ ውኃ ጠርገው፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይተው ይመልሷቸው። በኮምፖስት (ብስባሽ ማዳበሪያ) ውስጥ የሚባዙትን ቀያይ ትሎች አይስጡ፣ ይጎዷቸዋል። ጎልድፊሽ የተባለው ዓሣም ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም ስላለው ቋሚ ምግብ አይሆንም።

በየሳምንቱ በግራም ሚዛን መዝነው ይጻፉ። በተናጠል እየበላች ሦስት ሳምንት ክብደት ካልጨመረች፣ ወይም ትልቁ የእሷን እጥፍ ከመዘነ፣ ብቻዋን ያኑሯት። ብቻውን የሚኖር ጋርተር ምንም አይጎድልበትም። ወንድና ሴት ካሉ ዓመት ሳይሞላቸው ይለዩ፤ ያልጠነከረች ሴት ማርገዝ የለባትም።

ጥያቄ፦ አራተኛ ልጨምር?

መልስ፦ ከሁለት እስከ ሦስት ወር በሌላ ክፍል፣ በራሱ የውኃ ሳህንና መቆንጠጫ ይቆይ፤ ዓይነ ምድሩም ለጥገኛ ትላትል ይመርመር። በውፍረት ከሌሎቹ ጋር ካልተመጣጠነ፣ ጊዜው ቢያልፍም አያስገቡት።