በትራምፕና በባይደን ከወንድሜ ጋር ተጣልቼ ቅዳሴ ላይ እንኳን ሐሳቤ አልሰበሰብ አለኝ

ጥያቄው ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ።

«የምኖረው ሰሜን ሸዋ ደብረ ሲና ነው፣ 43 ዓመቴ ነው፣ አስተማሪ ነኝ፣ ባለትዳር ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው፣ ዜግነት ወስዷል፣ የለየለት የትራምፕ ደጋፊ ነው። እኔ ሰውየውን አልወደውም፣ ባይደን ይሻል ነበር ባይ ነኝ። በቀልድ ጀምረን በቴሌግራም ቪዲዮ እየተላላክን፣ እሱ 'አንተ እዛ ሆነህ ምን ታውቃለህ' እኔ 'አንተ አገር ጥለህ ሄደህ' እየተባባልን ተዘጋጋን፣ ይኸው ሦስት ወር ሆነን። ድሮ ወንድም ጋሼ ነበር የምለው። እናታችን እኔ ጋ ናት፣ 'ምን አገባችሁ በሰው ንጉሥ' እያለች ታለቅሳለች። የባሰው ግን ጭንቅላቴ ነው። ተኝቼም እመልስለታለሁ፣ ቅዳሴ ቆሜም እመልስለታለሁ። ጌታ ሐሳቤን እንዲጠብቅልኝ፣ ለሱም ዓይኑን እንዲያበራለት እጸልያለሁ ግን ምንም ለውጥ የለም። እምነቴ ደክሞ ይሆን?»

ወንድሜ፣ ከመጨረሻዋ ጥያቄህ ልነሳና፣ እኔ ይሄን የእምነት መድከም አልለውም። ቄሱ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲሉ አፍህ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» እያለ ልብህ ፔንሲልቬንያ ገብቶ ድምፅ ይቆጥራል፣ ይሄ ያንተ ብቻ ችግር እንዳይመስልህ፣ እዛው አጠገብህ የቆመው ሰውዬ ምናልባት የጤፍ ዋጋ እያሰላ ነው። ያንተን የሚለየው ሐሳቡ በመጣ ቁጥር ልትደበድበው መነሳትህ ነው።

በ1987 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዳንኤል ዌግነር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ተማሪዎችን ሰብስቦ ለ5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳታስቡ፣ ካሰባችሁ ደሞ ደወሉን ምቱ አላቸው። ደወሉ አላረፈም። ይባስ ብሎ ቀጥሎ «አሁን ማሰብ ትችላላችሁ» ሲባሉ ከመጀመሪያውኑ አስቡ ከተባሉት የበለጠ ድቡን አሰቡት። ስለዚህ «ትራምፕን አላስብም፣ አላስብም» እያልክ ቅዳሴ የምትቆም ከሆነ ትራምፕን አስቀድሰህ ነው የምትመለሰው። የግብፅ በረሃ አባቶች ደሞ ይሄን ከዌግነር 1600 ዓመት ገደማ በፊት አውቀውታል፣ ሐሳብ መምጣቱን መከልከል ያንተ ሥልጣን አይደለም፣ እንዲቆይ መፍቀድ አለመፍቀድ ግን ያንተ ነው ይላሉ። መንገደኛ በደጅህ ሲያልፍ ማየትህ ምንም አይደለም፣ ጠርተህ ቡና ካፈላህለት ግን በረካውን ሳይጠጣ አይነሳም። አንተ መልስ በሰጠኸው ቁጥር ቡና እያፈላህለት ነው፣ መልሱ ጥሩ ሲሆንማ ይብሳል፣ ምክንያቱም ጥሩ መልስ ያገኘ ሰው መድገም ይወዳል።

እና ምን ላድርግ ትለኛለህ። ሐሳቡ ሲመጣ መጣህ በለው፣ አትሟገተው፣ አትደንግጥ፣ አንዴ ቀስ ብለህ ተንፍሰህ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በልና ቄሱ ወደሚሉት ተመለስ። እንደገና ይመጣል፣ እንደገና ትመለሳለህ። ዛሬ ስንቴ መጣብኝ ብለህ አትቁጠር፣ መመለሱ ራሱ ነው ሥራው።

አንድ የማልደብቅህ ነገር ግን አለ። «ዓይኑን አብራለት» የምትለው ጸሎት፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ጸሎት ሳይሆን ክርክሩን እግዚአብሔር ፊት ወስደህ ዳኝነት መጠየቅ ነው የመሰለኝ፣ ያውም ፍርዱን ቀድመህ ጽፈህ። ተንበርክከህም እየተሟገትክ ከሆነ ጭንቅላትህ መቼ ይረፍ? ለሱ መጸለይ ከፈለግክ ትራምፕ የሌለበትን ወንድምህን ፈልገው። የሌሊት ሥራ አለው? ወገቡን ያመዋል? ልጆቹ አማርኛ እንቢ ብለውታል? እሱን ጸልይለት። ለመሪዎች መጸለይማ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ አዝዞታል፣ ስለ ነገሥታትና ስለ መኳንንት ሁሉ ብሎ፣ ስለምንወዳቸው ብቻ አላለም። ጥቅስ በቴሌግራም እየላክህለት ከሆነም አቁም፣ ጥቅስ ጥይት ሲሆን የተቀባዩም የላኪውም ልብ ይደነድናል።

ክርክሩን ራሱን ደሞ እንየው። እሱ ባይደን በ2022 መግቢያ ላይ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ዕቃን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል) አስወጥቶ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሚሰፉትን ልጆች እንጀራ ነካ ይልሃል። አንተ ደሞ ትራምፕ በጥቅምት 2020 ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ብሎ በአደባባይ ተናገረ፣ በዛው ዓመት የዲቪ ሰዎችን በር ዘጋ ትለዋለህ። ሁለታችሁም እውነት ነው የተናገራችሁት! ለዚህ እኮ ነው የማያልቀው። አንዳችሁ ዋሽታችሁ ቢሆን በአንድ ሳምንት ይለይለት ነበር። እያንዳንዳችሁ እውነተኛ መረጃ ይዛችሁ የሌላውን እውነት ግን ማየት አትፈልጉም፣ ያ ደሞ የመረጃ ጉዳይ ሳይሆን የወገን ጉዳይ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሄንሪ ታጅፈል የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ውስጥ ልጆችን የሁለት ሠዓሊዎችን ሥዕል አሳይቶ የእገሌ ወዳጆች የእገሌ ወዳጆች ብሎ ከፈላቸው፣ ከዛ ለሌሎች ልጆች ገንዘብ እንዲያካፍሉ ሲጠየቁ፣ ማን ማን እንደሆነ እንኳን ሳያውቁ ለራሳቸው ወገን አዳሉ፣ እንዲያውም የራሳቸው ወገን የሚያገኘው ገንዘብ ቢቀንስ እንኳን ከሌላው መብለጡን መረጡ። በሥዕል እንዲህ ከሆነ በፕሬዚዳንት ምን ይገርማል። ልዩነቱ ወንድምህ ቢያንስ ድምፅ ይሰጣል፣ አንተ ደብረ ሲና ቁጭ ብለህ የምትሰጠው እንቅልፍህን ነው። (የኛ ፕሬዚዳንት እንኳን የሚመረጠው በፓርላማ ነው፣ እሱን አስመልክቶ ግን ቤተሰብ ሲጣላ አይቼ አላውቅም።)

እርግጠኛ ባልሆንም የምጠረጥረው ነገር አለ። «አንተ እዛ ሆነህ ምን ታውቃለህ» እና «አገር ጥለህ ሄደህ» ስለ ዋሽንግተን የተባሉ አይመስሉኝም። አንዱ እናቱን እያስታመመ የቀረ ነው፣ አንዱ ብር እየላከ ማንም እንደማያመሰግነው የሚሰማው ነው። ይሄን ፊት ለፊት ከመነጋገር ስለ ትራምፕ መጮህ ይቀላል። ደሞ ሰሜን ሸዋ ባለፉት ዓመታት ያየውን አይቶ፣ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት የከረመ ሰው፣ ስለ ቅርቡ ማውራት ሲከብደው ሩቅ አገር ሄዶ ቢጣላ አልፈርድበትም።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። «አጥብቀህ ልብህን ጠብቅ» የሚለው የምሳሌ ቃል ጠባቂ የሚቆመው በር ላይ መሆኑን ያስታውሰናል፣ አንተ ግን ሁሉን አስገብተህ ውስጥ ነው የምትታገለው። ማታ ከእራት በኋላ ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር፣ የፖለቲካ ቻናሎቹን ዝጋቸው፣ ዜና ካስፈለገህ ቀን ላይ አንዴ አንብብ። ረቡዕና አርብ ከሥጋና ከወተት ስትከለከል ከቪዲዮውም ተከልከል፣ ዓይንም ይጹም ጆሮም ይጹም ሲባል አድገህ የለ። ይሄን የምታምነው የንስሐ አባትህ ቢያውቁት ደሞ ጥሩ ነው፣ ብቻህን የያዝከው ሕግ በሦስተኛው ቀን ይፈርሳል።

ወንድምህ ጋ ደውል፣ አትጻፍ። ቃል በጽሑፍ ድምፅ የለውም፣ ሰው የፈራውን ድምፅ ይሰጠዋል። ማቴዎስ ላይ መባህን ትተህ ሂድ የሚለው ወንድምህ ባንተ ላይ አንዳች ነገር እንዳለው ትዝ ሲልህ ነው፣ ማን ጀመረ የሚለው ጥያቄ እዛ ጋ ቦታ የለውም። እንዲህ ብትለው እላለሁ፦ «ወንድም ጋሼ፣ እማዬ ጉልበቷን እያመማት ነው፣ ካንተ ጋር ልማከር ብዬ ነው። አገር ጥለህ ያልኩህ ከአፌ መውጣት አልነበረበትም፣ ይቅር በለኝ።» ከዛ ዝም በል፣ እሱም ይቅር በለኝ እስኪል አትጠብቅ፣ እናትህ ስታለቅስ ከርማለችም አትበለው፣ እሷን መጫኛ አታድርጋት። ስለ ትራምፕ ከጀመረ «እሱን ተወው፣ ስለሱ ካንተ ጋር ማውራት አቁሜያለሁ፣ ልጆቹስ?» በለው፣ እየሳቅክ ቢሆን ይመረጣል። ባያነሳ በሳምንቱ ድገም፣ ለረጅም ጊዜ ባያነሳም የእናታችሁን ነገር በድምፅ መልእክት መንገርህን አታቁም።

እንቅልፉ ግን ይሄን ሁሉ አድርገህ አንድ ወር ቆይቶም ካልተመለሰ፣ ወይ ክፍል ገብተህ ማስተማር ካቃተህ፣ ደብረ ብርሃን ሄደህ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ አነጋግር። ጠበሉንም አትተው፣ ሐኪሙንም አትፍራ፣ መድኃኒት ከታዘዘልህ ደሞ ጠበል ጀመርኩ ብለህ እንዳታቋርጥ።