ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ ክንዴ ያብጥብኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ ግራ ጡቴ በቀዶ ሕክምና ከወጣ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው። ከብብቴም 14 ንፍፊቶች ወጥተዋል፤ ጨረርም ወስጃለሁ። ክንዴ እስካሁን አላበጠም። ሰው ሁሉ ግን «በዚያ እጅ ደም አታስቀጂ፣ ግፊት አትለኪ፣ ዕቃ አታንሺ» ይለኛል። እጄን እንደ እንቁላል ስጠነቀቅለት ጉልበቱ አለቀ። እውነተኛው ሥጋት የትኛው ነው?

መልስ፦ ዋናው ሥጋት እጅዎ ከሚሠራው ይልቅ ብብትዎ ውስጥ ከተሠራው የሚመጣ ነው። ከክንድ ሥጋ ወደ ደም የሚመለሰው ውሃ መሰል ፈሳሽ (ሊምፍ) የሚያልፈው በብብት ንፍፊቶች በኩል ነው። እነሱ ሲወጡ መንገዱ ይጠባል፤ ጨረር የተረፈውን ያጠብቀውና ጠባሳ ያደርገዋል። ለምርመራ ጥቂት ንፍፊት ብቻ ከወጣላቸው 100 ሴቶች ክንዳቸው የሚያብጠው 5 ወይም 6 ያህሉ ሲሆኑ፣ የብብታቸው ንፍፊት በብዛት ከተጠረገላቸው ግን 20 ያህሉ ናቸው። እርስዎ ከኋለኞቹ ወገን ነዎት። ጨረሩ ያረፈው ደረት ላይ ብቻ ነው ወይስ ብብትንና ከአንገት አጥንት በላይ ያለውንም ይጨምራል? ሁለተኛው ከሆነ ሥጋቱ ከፍ ይላል፤ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

በእጅዎ ያለው አንዱ ነገር ክብደት ነው። ኪሎዎን በሜትር ለተለካ ቁመትዎ ያካፍሉ፤ ያገኙትን እንደገና ለቁመትዎ ያካፍሉ። 80 ኪሎ፣ 1.60 ሜትር ቢሆኑ 31 ይመጣል፤ 30 እና ከዚያ በላይ ሥጋቱን በግልጽ ይጨምራል። ሌላው የቆዳ ኢንፌክሽን ነው። ጭረትም ሆነ ቃጠሎ ወዲያው በሳሙና ይታጠብ። ክንዱ ቀልቶ ከጋለ ወይም ትኩሳት ከመጣ ለነገ አያሳድሩት፤ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው በዚያው ቀን ነው።

ደም ማስቀዳትና ግፊት መለካት እብጠት እንደሚያመጡ የተደረጉ ክትትሎች አላሳዩም። ሌላው እጅ ካለ በእሱ መጠቀም ግን አይጎዳም። ዕቃ አለማንሳቱ ነው ይልቅ የሚጎዳው፤ ፈሳሹን ወደ ላይ የሚገፋው የጡንቻ እንቅስቃሴ ነውና። ከግማሽ ኪሎ ይጀምሩ፣ ክንዱ ካልከበደዎት ቀስ እያሉ ይጨምሩ።

በወር አንድ ጊዜ፣ ጠዋት፣ ሁለቱንም ክንድ በሜትር ይለኩ፦ የእጅ አንጓ ላይ፣ ከዚያ በየ10 ሴንቲሜትሩ እስከ ብብት። ሜትሩን አያጥብቁት፤ ልኬቱን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። የሚሠሩበት እጅ ከመጀመሪያውም ትንሽ ሊወፍር ስለሚችል ዋናው ለውጡ ነው፦ በፊት ያልነበረ የ2 ሴንቲሜትር ልዩነት ካዩ ሐኪም ዘንድ ይታዩ። ልኬቱ ለውጥ ከማሳየቱ በፊት ግን ክንድ መክበድ፣ ቀለበት ወይም የእጅ ሰዓት መጥበቅ ይመጣል። አብዛኛው እብጠት የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ዓመታት ነው፤ ቶሎ ከተያዘ ክንዱን አጥብቆ በሚይዝ የመጭመቂያ እጅጌ ሊቀንስ ይችላል፣ ከቆየ ግን ሥጋው ይጠነክራል። እጅጌውን ባለሙያ ለክቶ ይስጥዎ፤ ያለ ልክ የተገዛ እጅጌ እብጠቱን ወደ መዳፍ ይገፋዋል። ክንዱ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በድንገት ካበጠ ወይም ሕመም ከበረታበት ደግሞ እጅጌ ከማጥለቅዎ በፊት የደም መርጋት ወይም የካንሰሩ መመለስ አለመሆኑ መጣራት አለበት።