ዲቲውን ልሽጥ ወይስ ልያዘው ላልከው ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሊብሬህን አውጣ

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። ከመስሪያ ቤት ጨረታ የወጣ አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ሞተርሳይክል አለኝ፣ በየወሩ ጋራዥ ገንዘቤን ይበላዋል፣ ሽጬው ትንሽ ጨምሬበት አዲስ ቦክሰር 150 ልግዛ ወይስ መካኒኬ እንዳለው ያገለገለ ሙሉ ሞተር አስገጥሜ ልቀጥል ነው ያልከው። ከስር ግማሹ ሰው አዲስ ገዝተህ ተገላገል ይላል፣ ግማሹ ደግሞ እንደ ዲቲ ያለ የለም እያለ ይምላል። እኔም ያለኝ ዲቲ 125 ነው፣ የምኖረው ባህርዳር ዓባይ ማዶ ነው፣ ስራዬ የውሃ ፓምፕ ጥገና ስለሆነ አንዴ ፎገራ ሩዝ ማሳ ዳር አንዴ ዘጌ መንገድ ላይ ነኝ፣ ያንተም ኑሮ ከዚህ የሚርቅ አይመስለኝም። ስለ ቤንዚን ፍጆታና ስለ ጭሱ ሌሎቹ በደንብ ብለውታል አልደግመውም። ማንም ያልነካውን ልንገርህ።

1. ሊብሬህን አውጣና የሻንሲ (የአካሉ ብረት) ቁጥሩንም የሞተር ቁጥሩንም ብረቱ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አስተያየው። ዛሬውኑ። ገዢ ሳትፈልግ፣ ጋራዥ ሳትገባ። ሻንሲው መሪው አንገት ላይ በቀኝ በኩል ተመቷል፣ የሞተሩ ደግሞ ሞተሩ ላይ ከኋላ በኩል ነው፣ እሱ ላይ ጭቃና ዘይት ተጋግሮ ስለሚደርቅ በናፍጣ እያራስክ በጥርስ ብሩሽ ካልፈገፈግከው አይነበብም። ስልክህን አብርተህ ከጎን በኩል እየው፣ ፊት ለፊት ካየኸው 3ቷን 8 ልትላት ትችላለህ። ይቺን ነገር ያዝልኝ፣ እመለስባታለሁ።

2. ጨረታ ስላልክ፦ ፕሮጀክት ወይም ኤንጂኦ ያስገባው ሞተርሳይክል ብዙ ጊዜ ከቀረጥ ነፃ ነው የሚገባው፣ ወደ ግለሰብ ሲዞር ቀረጡ መከፈል አለበት። ሊብሬው ባንተ ስም ከወጣ ይሄ አልፏል ማለት ነው፣ ተኛ። በውክልና ከሆነ የምትነዳው ግን ሞተርሳይክል አለኝ አትበል፣ ገዢ አምጥተህ ነው ጉዱን የምትሰማው።

3. ገዢ ስል እንግዲህ የኔን ልንገርህ፣ በ2016 አዲሱ የዓባይ ድልድይ የተመረቀ ሰሞን እኔም እንዳንተ መሸጥ ፈልጌ ከመራዊ አንድ ሰውዬ አገኘሁ፣ ደህና ዋጋ ተስማማን፣ ቀብድ ሰጠኝ፣ አዲሱን ቦክሰር ከሱቅ መርጬ ጨርሻለሁ ቀለሙ ሳይቀር። ስም ለማዞር ወደ ቢሮው ሄድን (የት ከተማ፣ የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም፣ ፋይሌ አሁንም እዚያው ነው ያለው)። መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ ከኔ በብዙ ያንሳል፣ ስልኩን እየነካካ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አረገና ቀና ሳይል "ሞተር ቀይረሃል" አለኝ። አልቀየርኩም ወንድም አልኩት። "ቁጥሩ አይገጥምም። የገጠምከውን ሞተር ዲክላራሲዮን አምጣ።" አልገጠምኩም እያልኩት ያልገጠምኩትን ነገር ዲክላራሲዮን፣ ማለትም በጉምሩክ ያለፈበትን ወረቀት፣ ከየት ላምጣ? እስቲ ውጣና በዓይንህ እየው ሞተርሳይክሉ በር ላይ ነው የቆመው ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "ውጭ ፀሐይ ነው"።

ነገሩ ምን ሆኖ መሰለህ፣ ሊብሬው ላይ 8 የሚለው ሞተሩ ላይ 3 ነው። በቃ ይቺው ናት። በየዓመቱ ለምርመራ ስሄድ ቁጥሩን አየን ብለው ፈርመው ቦሎ የሰጡኝ እነሱው ናቸው፣ ያኔ አንድም ሰው አልጠየቀኝም፣ ልሸጥ ስል ግን ሌባ ሆንኩ። የመራዊው ሰውዬ ይሄን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ፣ አልፈርድበትም፣ የተሰረቀ ሞተርሳይክል ሊሸጥልኝ ነው ብሎ ይሆናል፣ ቀብዱን እዚያው በር ላይ ቆጥሬ መለስኩለት።

ከዚያ ፖሊስ ያጣራው ተባለ። ፖሊሶቹ እውነት ለመናገር ደህና ሰዎች ነበሩ፣ ቁጥሩን በመነፅር አይተው አልተፋቀም አልተነካካም ብለው ፃፉልኝ፣ ደብዳቤውን ወስጄ አስረክቤ መልስ ስጠብቅ ደሞ "ደብዳቤ አልደረሰንም" አይሉኝም! ፎቶ ኮፒው ላይ የገቢ ማህተም አስመትቼ ስለነበር አወጣሁና መስኮቱ ላይ ዘረጋሁለት፣ ያኔ ነው ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ያየው። ስለዚህ ምንም ወረቀት ስታስገባ የራስህን ኮፒ ማህተም ሳታስመታ ከዚያ ግቢ አትውጣ፣ ይሄ 4ኛው ምክር ይሁን።

መጨረሻ ላይ የፈታችው መዝገብ ቤት ያለች አንዲት እትዬ ናት። ማንም አላዘዛትም፣ ኮሪደሩ ላይ ስመላለስ አይታኝ "ልጄ ቆይ እስቲ የፋይል ቁጥርህን ንገረኝ" ብላ ገባች፣ አቧራ የጠጣ ፋይል ይዛ ወጣች፣ ከስር የመጀመሪያው የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ኮፒ አለ፣ ቁጥሩ 3 ነው የሚለው፣ ጥርት ብሎ። ከዚያ ወደ ሊብሬ የገለበጠው ሰው ነው 8 ያረገው። የነሱ የራሳቸው ሰው! ይቅርታ ያለኝ አለ? የለም። ይባስ ብለው የምትክ ሊብሬ ክፈል አሉኝ፣ ከፈልኩ፣ ደረሰኙን እስካሁን ኪሴ ውስጥ ይዤው ነው የምዞረው።

ይሄ ሁሉ ሲያልቅ ክረምቱ ገብቶ ሐምሌ 22 ብሩ በገበያ ይወሰን ተባለ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ 100ን አለፈ፣ ለነጋዴው ስደውልለት የመረጥኩት ቦክሰር ላይ ግማሽ ያህል ዋጋ ጨምሮበታል። ቀድሞ የተስማማነውን ሳነሳበት ሳቀ። እና አዲሱ ቦክሰር ቀረ፣ ዲቲዬን ያዝኩ።

አሁን ወዳንተ ልመለስ። መካኒክህ ያገለገለ ሙሉ ሞተር ላምጣልህ ያለው እኔንም ብለውኝ ነበር፣ ርካሽ ነው፣ ባንድ ቀን ያልቃል ምናምን። እሺ እንዳትል። በአንዲት 3 እኔን ያንን ያህል ካመላለሱኝ፣ አንተ ሌላ ቁጥር ያለው ሞተር ከነነፍሱ ገጥመህ ስትሄድ ምን እንደሚሉህ አስበው፣ ያኔ ደሞ እውነታቸውን ነው። ያለህን ሞተር አስወርደህ አሳድሰው። ዲቲ ቱ-ስትሮክ ነው፣ ቴስታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ ቫልቭ የለው ምን የለው፣ ከላይ ያለው ፒስተን፣ የፒስተኑ ቀለበት ፋሻና ሲሊንደር ነው።

ግን እዚህም ቁጥር አለ። ቴስታው ሲከፈት አጠገቡ ቁምና ፒስተኑ አናት ላይ ያለውን ካርቦን በጨርቅ ጠርገህ አንብበው፣ ሲሊንደሩ ከመጀመሪያው ልኩ ስንት ሚሊሜትር እንደሰፋ የሚናገር ቁጥር ነው። ምንም ካልተፃፈበት ወይም 0.25 ካለ ገና ልጅ ነው። 0.50 ካለ ወደ 0.75 ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቆርጡበት) ይሰፋልሃል፣ የኔ እንደሱ ነበር። 1.00 ካለ ግን ከዚያ በላይ ለማስፋት ፒስተን አታገኝም፣ አዲስ ካሚቻ (የሲሊንደሩን የውስጥ ቱቦ) ወይ ሲሊንደር ፈልግ ነው የሚሉህ፣ ያኔ ሂሳቡን ደምረህ ሽጠው ብልህ አላፍርም። ይሄን ቁጥር ሳታውቅ ልያዝ ልሽጥ ብለህ እንቅልፍ አትጣ።

በየወሩ ጋራዥ ያልከው ግን እኔ ጠርጥሬዋለሁ። ካንዴላው (እሳት የሚሰጠው) ጥቁር ጥላሸት እየያዘ ነው አይደል የሚያስቸግርህ? ባህርዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ካርቡራተሩ ከፋብሪካ በመጣበት ጂክለር (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ) ከሰራ ቤንዚኑ ይበዛበታል። አንድ ቁጥር ያነሰ ጂክለር አስገባ፣ የአየር ፊልትሮውን እጠብ፣ ከዚያ በኋላ እኔ ካንዴላ የምቀይረው ትዝ ሲለኝ ነው። የዘይት ፓምፑን ግን አትቀልድበት፣ ገመዱ ላልቶ ዘይት ካነሰ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ቁጭ ነው የሚለው፣ ያሳደስከው ሁሉ አፈር በላ።

ቦክሰርን ልሰድብ አይደለም፣ የጎረቤቴ ልጅ አለው፣ መለዋወጫው በየሱቁ ነው፣ ቤንዚን ቆጣቢ ነው፣ ሰልፍ ቆሞ አንዴ ከቀዳ ሳምንት ይነዳል፣ እኔ በዚህ እቀናበታለሁ። ሚስቴማ የኔን ጭስ ሽታ ከጃኬቴ ላይ ማስለቀቅ አልቻልኩም ብላ ሰልችቷታል። እዚሁ ከተማ ውስጥ ከዓባይ ማዶ ቀበሌ 14፣ ከቀበሌ 14 ፔዳ አስፋልት ለአስፋልት ከሆነ ስራህ፣ ወረቀትህ ደሞ ንፁህ ከሆነ ሽጠህ ግዛ፣ አትስማኝ። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራ ሜዳውን ሲያለብሱት የሚመጣውን ዋልካ ጭቃ የምትገባበት ከሆነ ግን የዲቲ የፊት ጎማ 21 ኢንች ነው፣ ከመሬት ከፍ ይላል፣ የቦክሰሩ 17 ነው፣ አምና ነሐሴ ልጁን ከነቦክሰሩ በገመድ የጎተትኩት እኔ ነኝ፣ በዚያው በአሮጌው ዲቲ፣ ፓምፕ ከኋላ ጭኜ። እሱ ዛሬ ድረስ ወሬው እንዲነሳ አይፈልግም።

እና ቁጥርህ የማይገጥም ሆኖ ካገኘኸው መስኮቱ ጋ ሄደህ አትከራከር፣ ቀጥታ መዝገብ ቤት ግባና የመጀመሪያው ዲክላራሲዮን ኮፒ ፋይልህ ውስጥ መኖሩን አስፈትሽ፣ ጠዋት ሂድ፣ ዓርብ ከሰዓት እንዳትሄድ ማንንም አታገኝም። ፒስተኑን ስትከፍተው ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፈው፣ የኔን ያሰፋልኝን ቶርኖ ቤት በውስጥ መስመር እነግርሃለሁ፣ እዚህ ከፃፍኩት ነገ ወረፋ አላገኝም።