አጎትሽ ለወንበሩ ከፍለዋል

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባሕር ዳር አካውንቲንግ እየተማርሽ ነው፤ አንድ ዓመት ቀርቶሻል። የጣናን ወደብ ስለሻል፦ ከዘጌ እንጨት ጭኖ የመጣ ታንኳ፣ ጭነቱን የሚያራግፍ ሰው፣ ዋጋ የሚከራከሩ ሴቶች። አጎትሽ ሥዕሉን ለሆቴላቸው ፈልገውታል፤ በነፃ። እናትሽም «ያስተማረሽ እሱ አይደል?» ብለው ተቆጥተዋል።

ትምህርቱን አታቋርጪ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ አለልሽ፤ ስትጨርሺ ትፈተኛለሽ። እስከዚያ እርሳስሽ አይረፍ።

እኔን ያንገበገበኝ የዋጋው ነገር ነው። አጎትሽ ለወንበሩ ለአናጢው ከፍለዋል። ግድግዳውን ለቀባውም ከፍለዋል። ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ሲመጣ ነው ዝምድና የሚጠራው? ውለታ አለብሽ፣ አልክድም። ሲታመሙ ታስታምሚያቸዋለሽ፣ ሲያረጁ ትጦሪያቸዋለሽ። ሥራሽ ግን ሥራ ነው። እናትሽ ይህን ቢሰሙ ይከፋቸው ይሆናል፤ ይክፋቸው።

ለሰባት ዓመት የሱቅ ታፔላ ስጽፍ ኖሬያለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ለዘመድ በነፃ ሠራሁ። የቤት ኪራይ ሲደርስ አንዳቸውም አልነበሩም። ዋጋ መጥራት የጀመርኩ ዕለት ሁለት ዘመዶቼ ኮረፉኝ፤ ሌሎቹ ከፈሉ።

እዚሁ ሐይቅ ላይ ደግሞ ሥዕል አሠሪ ነበረው። ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። እመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተስለው ታያቸዋለሽ። አጎትሽም አሠሪ ይሁኑ።

ሒሳብ ተማሪ ነሽ፤ ቁጭ ብለሽ አስይው። ሸራው፣ ቀለሙ፣ የባጃጁ፣ ወደቡ ላይ የዋልሽባቸው ጠዋቶች። ወረቀት ላይ ጽፈሽ በአክብሮት ስጫቸው። እንጨቱን አጥፍተሽ የቱሪስት ጀልባ እንድትስዪ ያሉሽን ግን እንዳታደርጊው። ጀልባ ከፈለጉ ሌላ ሥዕል ይዘዙ፣ በሌላ ዋጋ።

ሒሳቡ ውስጥ አንድ ሰው ረስተሻል። ሦስት ጠዋት ቆሞልኝ ነበር ያልሽው ባለታንኳ። ታንኳው ከደንገል ሣር የታሰረ ነው፤ ውሃ በጠጣ ቁጥር ይከብዳል፤ ቶሎ አራግፎ ማድረቅ ነበረበት። ላንቺ ብሎ ዘግይቷል። ብሩ እጅሽ ሲገባ መጀመሪያ ወደ ወደቡ ውረጂና የሱን ድርሻ ስጪው።