መልስ፦ ፍላትዋውንድ ክር ቤዙን ይጎዳዋል ወይ?

ፍላትዋውንድ ክር (ላዩ በጠፍጣፋ ሽቦ የተጠቀለለ) ባስገባ ቤዝ ጊታሬን ይጎዳዋል ወይ ላልከው፣ አይጎዳውም። እንዲያውም የላዩ መጠቅለያ ጠፍጣፋ ስለሆነ ፍሬቱን (አንገቱ ላይ ያሉትን የብረት መስመሮች) ብዙም አይበላም፤ ጣትህ ሲንሸራተት የሚሰማው ያ የሚያስጠላ ፉጨትም ይቀንሳል። «አንገቱ ይጎብጣል» ብለውኛል ያልከው ግን ትንሽ እውነት አለው። ብዙዎቹ ፍላቶች ከራውንድዋውንድ (በክብ ሽቦ ከተጠቀለለው ከተለመደው ክር) የበለጠ ይወጠራሉ። ስለዚህ ቀይረህ ቃኘውና አንድ ቀን አሳድረው። ክሩ ከፍሬቱ ከራቀ ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ብረት) ሩብ ዙር ብቻ አጥብቅ፤ ከዚያ ኢንቶኔሽኑን (ክሩ በአንገቱ ሁሉ ላይ ቅኝቱን መጠበቁን) እይ።

ድምፁ መጀመሪያ የታፈነ ይመስልሃል። ቤት ብቻህን ተጫውተህ አትፍረድበት! ከድራም ጋር ሞክረው። የሞታውን ሙዚቃ ኩባንያ ቤዚስት የነበረው ጄምስ ጃመርሰን በላቤላ (የክር ብራንድ) ፍላት ነበር የሚጫወተው፤ ክሩንም ካልተበጠሰ አይቀይርም ነበር። ስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት እየመቱ መጫወት) የምታበዛ ከሆነ ግን ይቅርብህ። አሮጌውን ክር አትጣለው፣ ካልጣመህ ትመልሰዋለህ።