ስለ ፍላተር ጠይቁ፤ መጀመሪያ ግን ዶክተሩ ያለውን ላኩ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ላይ መብራት እስካለ ድረስ ስለ ፍላተር የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ጉግል ያወጣው የመተግበሪያ መሥሪያ መሆኑን፣ በዳርት ቋንቋ እንደሚጻፍና ከአንድ ኮድ ለአንድሮይድ፣ ለአይፎን፣ ለድረ ገጽ፣ ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊኑክስ መተግበሪያ እንደሚያወጣ ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው። አንድ ነገር ብቻ ልለምን፦ ከመጠየቃችሁ በፊት ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍታችሁ «ፍላተር ዶክተር» የሚለውን፣ የጎደለ ነገር ካለ የሚመረምረውን ትእዛዝ አስኪዱና ያወጣውን በሙሉ ላኩ።

ከደብረ ማርቆስ፦ መምህር፣ ፍላተርን ጫንኩት፤ ግን አይሠራም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑ ነው የማይሠራው? ምን ብሎ ጻፈ? ዶክተሩስ ምን አለ? ጎጃም ውስጥ ቅኔ ሲዘረፍ ከሰሙ ሥር ወርቅ ይፈለጋል፤ የስህተት መልእክት ግን ወርቅ የለውም። የተጻፈውን አንብብና እንዳለ ላከው።

ከደብረ ማርቆስ፦ ይቅርታ። ዶክተሩም እንቢ አለ። «ፍላተር የሚባል ትእዛዝ አላውቅም» ዓይነት ነገር ነው የሚለው።

መልስ፦ እንዲህ ስትል ይገባኛል። ዊንዶውስ መሣሪያው የት እንደተቀመጠ አያውቅም ማለት ነው። በፍላተር ፎልደር ውስጥ «ቢን» የሚባል ፎልደር አለ፤ የእርሱን ሙሉ አድራሻ «ፓዝ» በሚባለው የዊንዶውስ ማስተካከያ ላይ ጨምር። ብዙ ሰው ቢንን ትቶ የውጪውን ፎልደር ያስገባል፤ ያ አይሠራም። ከጨመርክ በኋላ የከፈትከውን ተርሚናል ዝጋና አዲስ ክፈት፤ የቆየው መስኮት ለውጡን አያየውም።

ከቡሬ፦ እኔ «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት። ፈቃድ የለህም እያለ ያስቸግረኛል።

መልስ፦ እዚያ አታስቀምጡ። ፍላተር የራሱን ፎልደር በየጊዜው ያድሳል፤ ፕሮግራም ፋይልስ ደግሞ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ካልተሰጠው አያስጽፍም። በስሙ ውስጥ ክፍት ቦታ መኖሩም ሌላ ጣጣ ነው። ሲ ዲስክ ላይ «ዴቭ» የሚል ፎልደር ክፈትና እዚያ አድርገው። ሁላችሁም ስሙኝ፦ በአድራሻው ውስጥ ክፍት ቦታ አይኑር፣ የአማርኛ ፊደልም አይኑር። የኮምፒውተሩን የተጠቃሚ ስም በፊደላችን የጻፋችሁ አላችሁ፤ ደስ ይላል፣ ነገር ግን የአንድሮይድ መተግበሪያን የሚገነባው መሣሪያ፣ ግሬድል፣ ዊንዶውስ ላይ ከላቲን ውጭ ያለ ፊደል በፕሮጀክት አድራሻ ውስጥ ሲያይ ይቆማል።

ከፍኖተ ሰላም፦ የመጀመሪያውን ፕሮጀክት ሳስኬድ ግሬድል ሲያወርድ መብራት ጠፋ። ከተመለሰ በኋላ «ዚፕ ኤንድ ሄደር ኖት ፋውንድ» እያለ በየጊዜው ይወድቃል። ሁሉንም አጥፍቼ እንደገና ልጫን?

መልስ፦ አይ፣ ዳታህን አታቃጥል። ከነመልእክቱ ስለላክኸው አመሰግናለሁ። ማውረዱ ግማሽ ላይ ሲቋረጥ የተጎዳው ዚፕ በቦታው ይቀራል፤ ግሬድል ደግሞ አለኝ ብሎ ያንኑ ደጋግሞ ለመክፈት ይሞክራል። በተጠቃሚ ፎልደርህ ውስጥ በነጥብ የሚጀምር የግሬድል ፎልደር አለ። በእርሱ ውስጥ «ራፐር»፣ በራፐር ውስጥ «ዲስትስ» ግባና የተቋረጠውን ዕትም ፎልደር ብቻ አጥፋ። ሌላውን አትንካ። ከዚያ ባትሪህ ሙሉ ሲሆን እንደገና አስኪድ። የመጀመሪያው ግንባታ ረጅም ነው፤ ያወረደውን ስለሚያስቀምጥ ሁለተኛው እንደዚያ አያስጠብቅም።

ከሞጣ፦ ጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ሁሉም አለ። በፍላሽ ብትሰጠኝ ይሆናል? ሁሉንም በሞባይል ዳታ ማውረድ አልችልም።

መልስ፦ ይሆናል እንጂ፣ ጎበዝ። የፍላተሩን ፎልደር እንዳለ ቅጂው፤ የአንድሮይድ መተግበሪያ መሥሪያዎች ካሉበት ኤስዲኬና ከግሬድሉ ፎልደር ጋር «ፐብ ካሽ» የሚባለውንም ጨምሪ፤ ወደፊት የምትጠቀሚባቸው ጥቅሎች የሚቀመጡት እዚያ ነው። የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ጊት ለብቻው መጫን አለበት፤ ያለ እርሱ ፍላተር አይነሳም። ቅጂው ሲያልቅ ዶክተሩን አስኪጂ። የአንድሮይድ ፈቃዶች አልተቀበሉም ካለሽ፣ ዶክተሩ ራሱ የሚሰጥሽን ትእዛዝ ጽፈሽ ለሚመጣው ሁሉ «ዋይ» የምትባለውን የላቲን ፊደል እየጻፍሽ እለፊ።

ከቡሬ፦ ራሜ 4 ጊጋ ነው። ኢሙሌተሩ (ኮምፒውተር ላይ የሚከፈተው አስመሳይ ስልክ) ኮምፒውተሩን ያደርቀዋል።

መልስ፦ ተወው። ስልክህን በገመድ አገናኝ። በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ስትነካ የገንቢዎች ምርጫ ይከፈታል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ መተግበሪያውን በገመዱ ስልክህ ላይ እንዲያስኬድ «ዩኤስቢ ዲበጊንግ» አብራ።

ከባሕር ዳር፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በጃቫስክሪፕት የሚጻፈው ሪአክት ኔቲቭ ይሻላል፤ ጃቫስክሪፕት የሚያውቅ ሰው ዳርት የሚማርበት ምክንያት የለም።

ከደጀን፦ ሪአክት ኔቲቭም ለአንድሮይድ ያው ግሬድልን ነው የሚጠራው። መብራት ሲጠፋ ለይቶ አያልፈውም።

ከባሕር ዳር፦ ቢያንስ ለቋንቋው ሥራ አይጠፋም።

መልስ፦ ክርክሩን ለሌላ ቀን አቆዩት።

ከመራዊ፦ ልጄ፣ እኔ በዕድሜ ገፋ ያልኩ ሰው ነኝ። ለመስኖ ተጠቃሚዎች የውኃ ተራ የሚመዘግብ ትንሽ መተግበሪያ እየሠራሁ ነው። ቋንቋውን አማርኛ አድርጌው ቀን ማስመረጫው «ፌብሩወሪ» ይላል። ገበሬው ይህን ምን ያደርገዋል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ የምጠብቀው ይህን ጥያቄ ነበር። ፍላተር አማርኛን ይደግፋል፤ ነገር ግን የፈረንጁን ወር በፊደላችን ይጽፋል እንጂ የዘመን አቆጣጠሩን አይለውጥም። ቀን ማስመረጫው 12 ወር ብቻ ነው የሚያውቀው። ዳርት ቀን የሚይዝበት «ዴትታይም»ም እንዲሁ ነው። ጳጉሜን 13ኛ ወር ብለው ቢሰጡት ስህተት አይልም፤ ዝም ብሎ ወደ ቀጣዩ ዓመት ጃንዩወሪ ያሻግረዋል። ጥቅምት 30ን ሁለተኛ ወር ብለው ቢሰጡት ደግሞ ማርች ውስጥ ያገኙታል። አደገኛነቱ ዝምታው ላይ ነው፤ ገበሬው ተራው ካለፈ በኋላ ነው የሚያውቀው።

ከፈረንጁ ዓመት 7 ወይም 8 ቀንሰው የወር ሠንጠረዥ የሚደረድሩ አሉ፤ ጳጉሜ 6 ስትሆን ይፈርሳል። በዳታቤዝ ውስጥ ቀኑን በፈረንጁ አቆጣጠር ያስቀምጡ፤ የእኛ አቆጣጠር የሚታየው ስክሪኑ ላይ ብቻ ይሁን። በሁለቱ መካከል የጁልየን ቀን ቁጥርን፣ ማለትም ከጥንት መነሻ ጀምሮ ቀኖችን በተከታታይ የሚቆጥረውን፣ ድልድይ ያድርጉ። ከዓመተ ምሕረቱ 1 ቀንሰው በ365 ያባዙ። ዓመቱን ራሱን ለ4 አካፍለው ቀሪውን ይጣሉና ይደምሩ። ወሩን በ30 አባዝተው ከቀኑ ጋር ይደምሩ፣ 31 ይቀንሱ። በመጨረሻ 1724221 ይጨምሩ። መስከረም 1 ቀን 2016ን ይሞክሩ፤ 2460200 ይመጣል። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023ም ቁጥሩ ያው ነው። ይህን ቀን የመረጥኩት በምክንያት ነው፤ ያለፈው 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜ 6 ነበረች። ሌላውን ሁሉ ያለፈ ኮድ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ሰዓቱን 6 ሰዓት ማሳነስዎን አይርሱ፤ እርሱ ቀላል ነው።

ከመራዊ፦ ተባረክ። የአንዱ ተራ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቢሆን በየትኛው ቀን ይመዝገብ?

ከቢቸና፦ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቀኑ ከዋዜማው ማታ ይጀምራል። ስለዚህ የማግስቱ ነው።

ከደጀን፦ ገበሬ «ማክሰኞ ሌሊት» ሲል ማክሰኞ መሽቶ ያለውን ሌሊት ነው የሚለው። ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው።

ከቢቸና፦ እኛ ዘንድ «ለረቡዕ አጥቢያ» ነው የሚባለው።

ከደጀን፦ ለረቡዕ አጥቢያ ማለትህ ራሱ ገና ረቡዕ አለመሆኑን ያሳያል።

መልስ፦ ሁለታችሁም አቁሙ። ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ቀን የሚለውጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፤ እርስዎ ግን ስክሪኑ ላይ «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት፣ ለረቡዕ አጥቢያ» ብለው ሙሉውን ያጽፉት። በውኃ ተራ ሰው ተጣልቶ ያውቃል።

ከእንጅባራ፦ ዶክተሩ «ቪዥዋል ስቱዲዮ» ላይ ቀይ ምልክት አደረገብኝ። የግድ ልጫነው?

መልስ፦ ለዊንዶውስ መተግበሪያ ካልሠራህ አያስፈልግህም። ለስልክ የምትሠራ ከሆነ የአንድሮይዱ መስመር አረንጓዴ ይሁን፣ ይበቃል።

ከደምበጫ፦ ፍላተርን የት ፎልደር ላይ ባስቀምጠው ይሻላል?

መልስ፦ ለቡሬው ልጅ መልሻለሁ። ክፍት ቦታ የለም፣ የአማርኛ ፊደል የለም፣ ፕሮግራም ፋይልስ የለም። እባካችሁ ወደ ላይ ሂዱና አንብቡ።

ከባሕር ዳር፦ ፍላተር ከቻልኩ ደመወዝ ስንት አገኛለሁ?

መልስ፦ ቀጣሪህን ጠይቅ።

ከሞጣ፦ የአይፎኑንስ በዊንዶውስ ላፕቶፕ ማውጣት እችላለሁ?

መልስ፦ አትችይም። ማክ ኮምፒውተርና የአፕል መተግበሪያ መሥሪያው ኤክስኮድ ያስፈልጋል።

ከደብረ ማርቆስ፦ መምህር፣ ፓዙን አስተካክዬ ዶክተሩ አረንጓዴ ሆነልኝ። ሌላ አለኝ፦ መተግበሪያው ከላፕቶፑ ሳስኬደው ከኢንተርኔት መረጃ ያመጣል፤ የመጨረሻውን ፋይል አውጥቼ ለጓደኛዬ በቴሌግራም ስልክለት ግን ባዶ ገጽ ነው።

መልስ፦ አሁን የሚመለስ ጥያቄ ጠየቅህ። በሙከራ ጊዜ ፍላተር የኢንተርኔት ፈቃዱን ራሱ ይጨምርልሃል፤ ለሕዝብ በሚወጣው ግን አይጨምርም። በአንድሮይድ ፎልደር ውስጥ የመተግበሪያውን ፈቃዶች የሚይዙ ሦስት «ማኒፌስት» ፋይሎች አሉ። «ሜይን» ውስጥ ያለውን ክፈትና የኢንተርኔት ፈቃዱን መስመር በእጅህ ጨምር። ፋይሉን ስታወጣም በየፕሮሰሰሩ ለይቶ የሚያወጣውን አማራጭ ተጠቀም፤ ሁሉንም በአንድ ላይ ካጨቅኸው መጠኑ ይከብዳል፣ ጓደኛህም ለማውረድ ዳታውን ይጨርሳል። ፈቃዱን ጨምረህ እንደገና ላክለትና የሆነውን ጻፍልኝ።